የሚመላለስ ፈንገስን በእርጎ፣ በአብሽና በጥራጥሬ መቆጣጠር፦ ከድሬዳዋ ማዕድ ቤት የተነሣ ዝርዝር መመሪያ

ድሬዳዋ ውስጥ በመድኃኒት ቤት ስሠራ ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ አንድ ጥያቄ አለ። አንዲት ሴት ሌላው ተገልጋይ እስኪወጣ ትጠብቅና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እህቴ፣ ያቺን አንድ ፍሬ ስጪኝ፤ ፈንገሱ እንደገና መጣብኝ» ትለኛለች። ያቺ አንድ ፍሬ 150 ሚሊ ግራም ፍሉኮናዞል ናት። ሁለትና ሦስት ጊዜ ወስዳት ሕመሙ ከተመለሰ ግን ጉዳዩ ሌላ ፍሬ በመዋጥ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። መድኃኒቱ ፈንገሱን ይቀንሳል፤ ፈንገሱ የለቀቀውን ቦታ የሚይዙትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን አይተክልም። ምግብ ሊያግዝ የሚችለው እዚህ ላይ ነው። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት ለእንዲህ ዓይነቷ ሴት፣ እንዲሁም አፉ ውስጥ ነጭ ሽፋን እየተመላለሰ ለሚያስቸግረው ሰው ነው።

ካንዲዳ የሚባለው ፈንገስ የእርሾ ወገን ሲሆን በጤነኛ ሰው አፍ፣ አንጀትና በሴት ብልት ውስጥ በጥቂቱ ይኖራል፤ መኖሩ ብቻውን በሽታ አይደለም። አብረውት የሚኖሩት ላክቶባሲለስን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ቦታውንና ምግቡን ስለሚሻሙት፣ በሰውነት ሽፋን ላይ እንዳይጣበቅም ስለሚያግዱት ተወስኖ ይቀመጣል። አንቲባዮቲክ እነዚህን ባክቴሪያዎች ሲጠርግ፣ የደም ስኳር ከፍ ሲል፣ በእርግዝና ወቅት ሆርሞን ሲለወጥ ወይም የሰውነት መከላከያ ሲዳከም ግን ይስፋፋል። ፕሮባዮቲክ የምንለው ሕይወት ያላቸውን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ሲሆን፣ ፕሪባዮቲክ ደግሞ እኛ የማንፈጨውን፣ እነርሱ ግን የሚመገቡትን የአሰር (ፋይበር) ዓይነት ነው። አንዱ ዘሩ፣ ሌላው ማዳበሪያው ነው ብሎ መያዝ ይቻላል።

ብዙ ሰው «ፈንገሱ እርሾ ከሆነ እንጀራ ልተው?» ብሎ ይጠይቀኛል። መተው አያስፈልግም። በእንጀራ እርሾ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ሕይወታውያን ምጣድ ላይ ይሞታሉ፤ የጤፉ አሰር ግን አይጠፋምና ለአንጀት ባክቴሪያዎች ምግብ ይሆናል። በዚያው መጠን ደግሞ እንጀራ የቦካ ስለሆነ ብቻ የፕሮባዮቲክ ምግብ ነው ማለት ስሕተት ነው፤ ከተጋገረ በኋላ ሕይወት ያለው ባክቴሪያ አይሰጥም።

ስለ ማስረጃውም እውነቱን አስቀድሞ መናገር ይገባል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1992 የወጣ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ ላክቶባሲለስ አሲዶፊለስ ያለበትን እርጎ በየቀኑ የበሉ ሴቶች የብልት ፈንገሳቸው መመላለሱ እንደቀነሰ አሳይቷል። በ2004 አውስትራሊያ ውስጥ የተደረገ የተሻለ ጥናት ግን ላክቶባሲለስ በአንቲባዮቲክ ምክንያት የሚመጣውን የብልት ፈንገስ እንዳልተከላከለ ደምድሟል። በ2017 የወጣው፣ ብዙ ጥናቶችን አንድ ላይ የሚመዝነው የኮክሬን ግምገማ ደግሞ ፕሮባዮቲክ ከመድኃኒት ጋር ሲሰጥ የአጭር ጊዜ ፈውስን ሊያሻሽል እንደሚችል ገልጾ፣ ማስረጃው ደካማ መሆኑን አብሮ አስታውቋል። እኔም ከዚህ በላይ ቃል አልገባም። ድካምን፣ ራስ ምታትንና የሆድ መነፋትን ሁሉ «የአንጀት ካንዲዳ ነው» እያሉ የሚሸጡ ጥብቅ የምግብ ፕሮግራሞችም በሕክምናው ዘንድ ተቀባይነት የላቸውም።

ደረጃ 1፦ በሽታው ፈንገስ መሆኑን ማረጋገጥ

የብልት ፈንገስ በብዛት የሚታወቀው በብርቱ ማሳከክ፣ በመቅላት፣ በማቃጠልና አይብ በሚመስል፣ መጥፎ ሽታ በሌለው ነጭ ፈሳሽ ነው። ፈሳሹ ግራጫ ሆኖ የዓሣ ዓይነት ሽታ ካለው በባክቴሪያ የሚመጣ መዛባት፣ ቢጫ ወይም አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ትሪኮሞናስ የተባለ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ጥገኛ ተውሳክ ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም በፍሉኮናዞል አይድኑም፣ በእርጎም አይድኑም። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጋጥምዎትና በተመላለሰ ቁጥር ወደ ጤና ጣቢያ ሄደው ፈሳሹ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ ይጠይቁ። ምርመራው ቀላል ነው።

ፈንገሱ የሚመላለስ ከሆነ የደም ስኳርና የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ መደረግ አለበት። ስኳር ሕመም እንዳለባቸው ያወቁት በተደጋጋሚ ፈንገስ ምክንያት ተመርምረው የሆኑ ሰዎች ጥቂት አይደሉም፤ ስኳሩ ሳይስተካከል የሚበላ እርጎ የትም አያደርስም። አፍ ውስጥ ያለው ነጭ ሽፋን ምግብ ሲዋጥ ሕመም ካስከተለ ደግሞ ፈንገሱ ወደ ጉሮሮ ቱቦ ወርዶ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገዩ ሐኪም ዘንድ መድረስ ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ መድኃኒቱን በአግባቡ መጨረስ

ምግቡ ከመድኃኒቱ ቀጥሎ የሚመጣ እንጂ የሚተካው አይደለም። ነፍሰ ጡር ሴት የሚዋጥ ፍሉኮናዞል በራስዋ መውሰድ የለባትም፤ ለእርስዋ አብዛኛውን ጊዜ የሚመረጠው ለ7 ቀን በብልት ውስጥ የሚቀመጥ ክሎትሪማዞል ነው። ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ) ወይም ግሊቤንክላሚድ (የስኳር መድኃኒት) የሚወስድ ሰውም ፍሉኮናዞል ከነዚህ መድኃኒቶች ጋር ስለሚጋጭ አስቀድሞ ይናገር። ሌላም አጥብቄ የምለምነው ነገር አለ፦ እርጎም ሆነ ነጭ ሽንኩርት ወደ ብልት ውስጥ አይግባ። ነጭ ሽንኩርት ስስ ሥጋን ያቃጥላል፤ ከቤት የመጣ እርጎ ደግሞ ያልታወቀ ጀርም ሊያስገባ ይችላል። ውስጡን በሳሙና መታጠብም መከላከያውን ስለሚያሳሳ መተው ይኖርበታል።

ደረጃ 3፦ ስኳሩን መቀነስ

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ስኳር በብዛት ወደ ሰውነታችን የሚገባው በምግብ ሳይሆን በመጠጥ ነው። ጫት የሚቅም ሰው ከሰዓት በኋላውን በጣፋጭ ሻይና በለስላሳ ያሳልፋል፤ አንድ 300 ሚሊ ሊትር የሚሆን ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የተጨመረ ስኳር በቀን ከ25 ግራም ገደማ ባይበልጥ ይመረጣል ስለሚል፣ በአንዲት ጠርሙስ የቀኑ መጠን አለፈ ማለት ነው። ጫት በዚያ ላይ አፍን ያደርቃል። ምራቅ የአፍ ፈንገስን ከሚከላከሉት ነገሮች አንዱ ነውና፣ የደረቀ አፍና ስኳር ሲገናኙ ለካንዲዳ የተመቸ ሁኔታ ይፈጠራል። ጫቱን መተው ለማይችል ሰው የምመክረው ቢያንስ ለስላሳውን በውኃ እንዲተካ፣ በየብርጭቆ ሻዩ የሚጨምረውን ስኳር በየሳምንቱ በግማሽ ማንኪያ እንዲቀንስና ሲጨርስ አፉን በደንብ እንዲጉመጠመጥ ነው። የፓፓያና የዘይቱን ፍሬ ግን አይከልከል፤ ከነአሰሩ የሚበላ ፍራፍሬ ከጣፋጭ መጠጥ ጋር አይቆጠርም።

ደረጃ 4፦ የባክቴሪያዎቹን ምግብ ቀስ በቀስ መጨመር

ለአዋቂ ሰው በቀን 25 ግራም አሰር ይመከራል። እዚህ ለመድረስ ከውጭ የሚመጣ ዱቄት መግዛት አያስፈልግም። ከሐረማያ በኩል የሚመጣው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ኢኑሊን የተባለውን አሰር ይይዛሉ፤ ገብስና አጃ ቤታ ግሉካን የተባለ አሰር አላቸው፤ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ባክቴሪያዎቹ የሚወዷቸውን ስኳር መሰል አሰሮች ይሰጣሉ። ያልበሰለ ወይም ገና ጫፉ አረንጓዴ የሆነ ሙዝ፣ ተቀቅሎ የቀዘቀዘ ድንችና ያደረ እንጀራም በትንሹ አንጀት ሳይፈጭ የሚያልፍ ስታርች አላቸው። የአንጀት ባክቴሪያዎች እነዚህን ሲያብላሉ ቡቲሬትን የመሰሉ አሲዶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህ አሲዶች ካንዲዳ ክሩን ዘርግቶ ወደ ሥጋ ዘልቆ የሚገባበትን ቅርፅ እንዳይይዝ እንደሚያደናቅፉ በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ለዚህ አካባቢ ነዋሪ ከሁሉ ይልቅ የማመሰግነው የሐረሪዎችን ሁልበት ነው። የአብሽ ዱቄት በውኃ ይዘፈዘፋል፣ መራራው ውኃ እየተደፋ ይቀየራል፣ ከዚያም እስኪነጣና አረፋ እስኪይዝ ድረስ ይመታል። ያ የሚያሟልጨው ነገር ጋላክቶማናን የተባለ የሚሟሟ አሰር ነው። ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ከወጥ ጋር ለቀኑ ይበቃል። አብሽ የደም ስኳርን ስለሚቀንስ የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች መለካታቸውን ያጠናክሩ፤ ነፍሰ ጡሮች ደግሞ ለቅመም ከሚሆነው መጠን አይለፉ።

የጀማሪ ሁሉ ስሕተት በአንድ ቀን ሁሉን መጀመር ነው። ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ ሰውየውም «አልተስማማኝም» ብሎ በሦስተኛው ቀን ይተወዋል። በመጀመሪያው ሳምንት በቀን አንድ ጭልፋ ምስር ወይም ሽምብራ ብቻ ይጨምሩ፤ በሁለተኛው ሳምንት ገብስ ወይም አጃ በሾርባ መልክ ያክሉ፤ በሦስተኛው ሁልበቱን ያስከትሉ። ጥራጥሬውን ሌሊቱን ዘፍዝፎ ውኃውን ደፍቶ መቀቀል መነፋቱን ይቀንሳል። በድሬ ሙቀት ውኃ ሳይጠጡ አሰር መጨመር ድርቀት እንደሚያመጣም አይዘንጉ።

ደረጃ 5፦ እርጎውን በቤት ማዘጋጀት

ይህ የመመሪያው ዋና ክፍል ስለሆነ በዝርዝር እሄድበታለሁ። ባህላዊው እርጎ የሚረጋው ካልፈላ ወተት ነው፤ ካልፈላ ወተት ደግሞ ብሩሴላ የተባለው ትኩሳት የሚያመጣ ባክቴሪያና የሳንባ ነቀርሳ ይተላለፋሉ፤ መርጋቱና መኮምጠጡ እነዚህን ጀርሞች ለመግደል ዋስትና አይሆንም። በራሱ የረጋ እርጎ ልዩ ልዩ የእርሾ ዘሮችንም ይይዛል። ስለዚህ ወተቱን አፍልቶ፣ በታወቀ ማርጊያ ማርጋት ይሻላል።

አንድ ሊትር የላም ወተት በንጹሕ ድስት ያፍሉ፤ ከፈላ በኋላ እያማሰሉ ለሁለትና ለሦስት ደቂቃ እሳት ላይ ያቆዩት። ከዚያ አውርደው ያብርዱት። ቴርሞሜትር ካለዎት 43 ዲግሪ ሲደርስ፣ ከሌለዎት የታጠበ ጣትዎን ነክረው ሳያቃጥል እስከ 10 መቁጠር ሲችሉ ጊዜው ደርሷል። ትኩስ ሳለ ማርጊያ መጨመር ባክቴሪያዎቹን ይገድላል፤ ብዙዎች «አልረጋልኝም» የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው። ለማርጊያ ስኳርና ጣዕም ያልተጨመረበት፣ ጊዜው ያላለፈ የሱቅ እርጎ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ይበቃል። ከጥቂት ወተት ጋር አሽተው ወደ ቀሪው ይመልሱና በፈላ ውኃ በታጠበ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ክዳኑን ገጥመው ያስቀምጡ።

ጊዜውን የሚወስነው ከተማው ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ በሙቀቱ ወራት ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ መተው ብቻ ይበቃል፤ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ውስጥ ይረጋል፤ ከዚያ በላይ ከቆየ በጣም ይኮመጥጣል። ሐረር 1,885 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ነፋሻ ከተማ ናትና እዚያ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልሎ ለሌሊቱ ሙሉ መተው ያስፈልጋል። ሲረጋ ወደ ፍሪጅ ያስገቡና በአምስት ቀን ውስጥ ይጨርሱት። ለሚቀጥለው ሁለት ማንኪያ ቀድመው ያስቀሩ፤ ከአምስት ወይም ከስድስት ዙር በኋላ ግን ማርጊያውን በአዲስ ይለውጡ፤ የቤት አየር ውስጥ ያሉ እርሾዎች እየገቡ ይደባለቁታልና። የወይራ ጢስ መዓዛ የሚወድ ሰው ዕቃውን አስቀድሞ በጥቂቱ ማጠን ይችላል።

በጠዋት ቀፊራ ገበያ የሚገኘውን የግመል ወተት ለመጠቀም የሚፈልጉም አሉ። አሠራሩ አንድ ነው፤ መፍላቱም ግዴታ ነው። የግመል ወተት ግን በፕሮቲኑ አፈጣጠር ምክንያት እንደ ላም ወተት ጠንከር ብሎ አይረጋም፤ ቀጭን ሆኖ ይቀራል። መኮምጠጡን ቀምሰው ካረጋገጡ ቀጭንነቱን አይቁጠሩበት፤ አልተበላሸም።

መጠኑ በቀን አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም ከ200 እስከ 250 ሚሊ ሊትር ነው። የእርጎ ባክቴሪያዎች በአንጀት ውስጥ ቋሚ ነዋሪ አይሆኑም፣ አልፈው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ በሳምንት አንድ ቀን አንድ ሊትር ከመጠጣት በየቀኑ አንድ ብርጭቆ መጠጣት ይበልጣል። ስኳር ወይም ማር አይጨምሩበት፤ ኮምጣጣው ካስቸገረዎት የተቆራረጠ ሙዝ ወይም የተፈጨ ተልባ ይቀላቅሉ። በትኩስ ወጥ ወይም ሾርባ ውስጥም አያፍሉት። አይብ የሚዘጋጀው አሬራው በእሳት ሞቆ ስለሆነ ጥሩ ምግብ ቢሆንም እርጎን አይተካም።

ደረጃ 6፦ ወተት ለማይስማማውና ለጾም ወቅት

በዐቢይ ጾም 55 ቀን ወተት የማይቀምስ ሰው ልምዱን ማቋረጥ የለበትም። ከሱፍ ውኃና ከባቄላ ዱቄት ተሠርቶ በሰናፍጭ የሚቦካው ስልጆ ከቦካ በኋላ ሳይበስል ስለሚበላ ለዚህ የተመቸ ነው። ሁለተኛው አማራጭ በጨው የቦካ ጥቅል ጎመን ነው። አንድ ኪሎ ጎመን በስሱ ይክተፉ፣ 20 ግራም ጨው፣ ማለትም በትንሹ የተቆለለ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ጨምረው ውኃው እስኪወጣ በእጅ ይሹት። ካሮት፣ ዝንጅብልና ቃሪያ መጨመር ይቻላል። በመስተዋት ዕቃ ውስጥ አጥብቀው ይጠቅጥቁትና ከላይ በንጹሕ ክብደት ተጭኖ በራሱ ውኃ ውስጥ እንዲሰጥም ያድርጉ፤ ከውኃው በላይ የቀረ ቅጠል ይሻግታል። ጋዙ እንዲወጣ በየቀኑ ክዳኑን ላላ ያድርጉ። ድሬዳዋ ውስጥ ቤቱ ቀዝቀዝ ያለ ማዕዘን ላይ ከ3 እስከ 5 ቀን፣ ሐረር ውስጥ ከ7 እስከ 10 ቀን ይፈጃል። ኮምጠጥ ሲል ፍሪጅ ውስጥ ይግባና በየምግቡ ሁለት ማንኪያ ይበላ።

ከላይ ስስ ነጭ ሽፋን ቢታይ የገጽታ እርሾ ስለሆነ ተገፎ ይጣላል፤ ጥቁር፣ አረንጓዴ ወይም ጸጉራም ሻጋታ ከታየ፣ ወይም የመበስበስ ሽታ ካለው ግን ሁሉም ይደፋ። በአቼቶ የተዘፈዘፈ አትክልት ከዚህ የተለየ ነው፤ ኮምጣጣነቱ ከአቼቶው እንጂ ከባክቴሪያ የመጣ አይደለም። የደም ግፊት ያለበት ሰው የጨዉን ነገር ያስብ፤ ሲበላ በውኃ ማለቅለቅ ይረዳል። በረመዳን ለሚጾሙ ደግሞ ማፍጠሪያው ላይ የአጃ ወይም የገብስ ሾርባ፣ ሱሑር ላይ እርጎው ቢሆን ሁለቱም ሳይከብዱ ይገባሉ።

ደረጃ 7፦ አንቲባዮቲክ በሚወስዱበት ጊዜ

የፈንገስ መመላለስ እዚህ ሊጀምር ይችላል። አንቲባዮቲክ ከታዘዘልዎት እርጎውን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ እስከ ሁለት ሳምንት ይቀጥሉ። በመካከል ቢያንስ የሁለት ሰዓት ልዩነት ይኑር። ሲፕሮፍሎክሳሲንና ቴትራሳይክሊን ግን ከወተት ካልሲየም ጋር ስለሚጣበቁ ጥንቃቄው ይበልጣል፤ ሲፕሮፍሎክሳሲን ከእርጎው ሁለት ሰዓት ቀድሞ ወይም ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ይወሰድ። ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ ለጉንፋን መግዛት የቀረ እንደሆነ ግን ከዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የበለጠ ይጠቅማል።

በመድኃኒት ቤት የሚሸጥ የፕሮባዮቲክ ካፕሱል የሚገዛ ሰው በማሸጊያው ላይ የባክቴሪያው ሙሉ ስም መጻፉን ይመልከት። ለሴት ብልት በብዛት የተጠኑት ላክቶባሲለስ ራምኖሰስ ጂአር 1 እና ላክቶባሲለስ ሩተሪ አርሲ 14 ናቸው። ለካንሰር ሕክምና ኬሞቴራፒ ላይ ያለ፣ የመከላከል አቅሙ በጣም የወረደ ወይም በትልቅ የደም ሥር ቱቦ የገባለት ሰው ካፕሱሉንም ሆነ በቤት የቦካውን ምግብ ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

ደረጃ 8፦ መከታተልና መመለስ

ውጤቱን ለመመዘን ስምንት ሳምንት ይስጡት። በትንሽ ደብተር የወር አበባ ቀንን፣ ማሳከክ የጀመረበትንና ያቆመበትን ቀን፣ የተወሰደ አንቲባዮቲክንና እርጎው የተቋረጠባቸውን ቀናት ይጻፉ። በድሬ ሙቀት ላብ የያዘ ናይለን የውስጥ ልብስ ሌላውን ልፋት ስለሚያበላሽ በጥጥ ይተካ፤ የአፍ ፈንገስ የሚያስቸግራቸው ደግሞ የአስም መንፊያ ከተጠቀሙ በኋላ አፋቸውን ይጉመጥመጡ፣ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውንም ሌሊት ያውልቁ።

በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከተመለሰ ደብተሩን ይዘው ወደ ሐኪም ይሂዱና የፈንገሱ ዓይነት በካልቸር፣ ማለትም ናሙናውን በቤተ ሙከራ በማሳደግ፣ እንዲለይ ይጠይቁ፤ ካንዲዳ ግላብራታን የመሰሉ ዘሮች ፍሉኮናዞልን በቀላሉ ይቋቋማሉ። ሐኪሙ በሳምንት አንድ ጊዜ ለስድስት ወር የሚወሰድ ፍሉኮናዞል ሊያዝ ይችላል። ይህ ሲታዘዝ «እርጎው ሳይሠራ ቀረ» ብለው የሚያዝኑ ብዙ ናቸው፤ እኔም «አብሽሪ፣ እርጎሽንም አትተዪ» እላቸዋለሁ፤ በእነዚያ ስድስት ወራት ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።